የማዶው መድረክ

የሕሩይ አስከሬን የተገኘው ማለዳ፣ እንጦጦ ተዳፋት ላይ፣ ወረዳው በማግሥቱ ሊያስመርቀው ካሰበው የመመልከቻ መድረክ ሥር ነው። ገደሉ ውስጥ ወድቋል። ጥፍሮቹ አፈር ይዘዋል፤ ኪሱ ውስጥ ሜትር አለ። ሕሩይ የወረዳው የዕቅድ ባለሙያ ነበር።

መርማሪዋ ኢንስፔክተር ዘውድነሽ ስትደርስ ፖሊሶች ጥበቃዋን በለጡን ይዘዋታል። የመድረኩ አጥር ቁልፍ በእሷ እጅ ነበርና።

«ልጆቼን ማን ሊያሳድግልኝ ሰው እገድላለሁ?» አለች በለጡ።

«ትላንት ማን ገባ፣ እትዬ በለጡ?»

«አላየሁም። ዝናቡ ሲመጣ፣ ቤቴ ያፈሳልና ልጆቹን ልይ ብዬ ሄድኩ። አጥሩን አልቆለፍኩም። ጥፋቴ ይኸው ነው።»

ዘውድነሽ ወርዳ የምሰሶዎቹን ሥር ነካች። አፈሩ ውሃ እንደነካው ዳቦ ፈረሰ። ነገ እዚህ ላይ ተማሪዎች ቆመው ሊዘምሩ ነው።

ከገደሉ ማዶ የጎረቤት ወረዳ ተመሳሳይ መድረክ ቆሟል። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም፤ የቀለሙ ዓይነት እንኳ አንድ ነው።

«ንድፉ የእነሱ ነው» አለ መሐንዲሱ ኢታና ሳያፍር። «መብራት ተከሉ፣ ተከልን። ድንጋይ አነጠፉ፣ አነጠፍን። መድረክ ሲሠሩ ደግሞ የጤና ጣቢያችን በጀት ወደዚህ ዞረ። ግምገማ ላይ ‹ጎረቤትህ ሠርቷል፣ አንተስ?› ነው የምንባለው።»

«ሕሩይስ?»

«ትላንት ምሰሶው ሥር ሲቆፍር አይቼዋለሁ። ምን እንዳገኘ ግን አልነገረኝም።»

የወረዳውን ሥራ አስፈጻሚ አቶ ገላውን ያገኘችው ማዶ ነው። ለምረቃው ወንበር ሊዋስ ሄዶ፣ የጎረቤቶቹ መድረክ ጫፍ ላይ መደገፊያውን ተደግፎ ቆሟል።

«ከሥራ ሰዓት በኋላ አላየሁትም» አለ። «ስለ መድረኩም አላወራንም።»

ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም መድረኩ ዘንድ ሰበሰበቻቸው።

«ወደ ላይ እንውጣ» አለችና ቀደመች። ኢታና ተከተላት። በለጡም እያለቀሰች ወጣች። ገላው ደረጃው ሥር ቀረ።

«ይምጡ እንጂ፣ አቶ ገላው።»

«እኔን ገደል ያዞረኛል።»

«ጠዋት ማዶ ጫፍ ላይ ቆመው አልነበር? ያም ገደል ነው።»

ገላው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ።

«ሁለቱ መድረኮች መንትያ ናቸው» አለች ዘውድነሽ። «ልዩነቱ ከሥር ነው። ማዶ ዓለት፣ እዚህ የተደለደለ አፈር። ይህን ያወቀው ቆፍሮ ያየው ሕሩይ ብቻ ነው። መሐንዲሱም እትዬ በለጡም ቢያውቁ ኖሮ እዚህ ባልወጡ። ታዲያ ለእርስዎ ማን ነገረዎት?»

ወለሉ ሲጥ አለ።

«ይናዳል! ውረዱ!» ጮኸ ገላው። ጩኸቱ ራሱንም አስደነገጠው፤ መሬት ላይ ተቀመጠ። «ምሰሶው ሥር ወስዶ አሳየኝ። ምረቃውን እናቁም አለ። ማዶ ያሉት ሲስቁብን ታየኝ! ገፋ አደረግኩት... ገፋ ብቻ...»

«አይናድም፤ ከመምጣታችሁ በፊት ከሥር በአጠና አስደግፌዋለሁ» አለች ዘውድነሽ። «እርስዎ ግን ነገ ለሚዘምሩት ልጆች አልጮኹም።»

በለጡ ነፃ ነሽ ስትባል ደረጃውን በመቀመጫዋ እየተንፏቀቀች ወረደች።

በማግሥቱ መድረኩ በገመድ ታጠረ። በሳምንቱ ዓለት ላይ የቆመው ደህነኛው የማዶ መድረክም ታጠረ። ጎረቤት አጥሯላ፤ እነሱስ ሊቀሩ ነው!

በለጡ ሁለቱን ገመድ አየች።

«ምነው አንዳቸው አስቀድመው ጤና ጣቢያ በጀመሩ!» አለች።