በአንድ ትንፋሽ

«ጥይት፣ በናትሽ ቀስ አድርገሽ ድገሚልኝ፤ ድልድዩ ላይ ጣትሽን ምን አደረግሽው?»

መነጽር የሚሏት ልጅ ጨዋታው የተከፈተበትን ስልኳን ወደ ጓደኛዋ አስጠግታ፣ በፕላስተር የተጠቀለለ አውራ ጣቷን ታወዛውዛለች። ጓደኛዋ ጥይት የሚለው ቅጽል ስም የወጣላት በቅርቡ፣ በጨዋታው ፍጥነት አንደኛ ስትሆን ነው፤ ክፍል ውስጥ በዚህ ስም በተጠራች ቁጥር አንገቷን ትደፋለች። ልጆቹ ትሕትና ይመስላቸዋል።

ያሉት የመነጽር እናት ፀጉር ቤት ጓዳ ውስጥ ነው። እናት ከመጋረጃው ማዶ የደንበኛ ፀጉር በቢጎዲን እየጠቀለሉ፣ ጆሯቸው ግን ጓዳ ነው።

«እኔ እምለው፣ አንዴ የጨረሳችሁትን ጨዋታ በጥድፊያ ደግሞ መጨረስ ምን ይሉታል? ዳቦ ይሆናል?»

«ዳቦማ አይሆንም፣ እማ» ብላ ሳቀች መነጽር። «ግን ጨዋታውን የሠሩት ሰዎች እንኳ ያላሰቡትን መንገድ ታገኛለሽ። ወድቀሽ ወድቀሽ፣ አንድ ቀን እጅሽ ራሱ ያውቀዋል። ያቺ የጨረስሽባት ሰዓት የራስሽ ናት፤ ማንም ገዝቶ አያገኛትም።»

«ወይ ጉድ! ይሄን ያህል ለሒሳብ ብትለፊ!»

ደንበኛዋ ከት ብላ ሳቀች። ጥይት ግን አልሳቀችም።

ጨዋታውን በፍጥነት ለመጨረስ የሚፎካከሩ ልጆች ኢንተርኔት ላይ ቡድን አላቸው። ሕጉ አንድ ነው፦ ቪዲዮው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይቆረጥ፣ በአንድ ትንፋሽ የተቀዳ መሆን አለበት። የጥይት ቪዲዮ ግን የሁለት ቀን ነው። አንድ ቀን ድልድዩን አልፋ እስከ ምድር ቤቱ በር ድረስ ሰመረላት፤ ከዚያ ተበላሸ። ሌላ ቀን መጀመሪያው ተበላሽቶ መጨረሻው ሰመረ። ጨዋታው ውስጥ የሚሮጠው ሰውዬ በበሩ ሲገባ ስክሪኑ ለአፍታ ይጨልማል። እዚያ ጨለማ ላይ የሁለቱን ቀን ቅጂ ቆርጣ ቀጠለችው። ማንም አላወቀም።

ክፋቱ፣ ከአንደኝነት ያወረደችው መነጽርን ነው። መነጽር ደግሞ «የኔ ጀግና!» ብላ አቅፋ ስማት፣ ለስላሳ ጋበዘቻት።

«ልነግርሽ አልፈለግኩም እንጂ ልተወው ነው» አለች መነጽር ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እንዳንቺ ድልድዩን በፍጥነት ካለፍኩ፣ ምድር ቤቱ ላይ እጄ ይዝላል። አንቺ ሁለቱንም ቻልሽው። የኔ እጅ ለዚህ አልተፈጠረም ማለት ነው።»

ጥይት መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። ዝም ብትል ነገሩ ተዳፍኖ ይቀራል። ብትናገር ግን መነጽርን ታጣለች፤ እንደ እሷ የምትሳሳላት ጓደኛ ደግሞ ኖራት አታውቅም።

«እጅሽ ምንም አልሆነም» አለች።

«ባክሽ አታጽናኚኝ!»

«ቪዲዮዬን ክፈቺው። በሩ ጋ ቀስ አድርገሽ አሳልፊው።»

መነጽር ከፈተችው። እንደ ልማዷ በሚሮጠው ሰውዬ እግር ላይ አፈጠጠች።

«እግሩን ተዪው» አለች ጥይት። «የያዘውን ፋኖስ እዪ።»

ከበሩ በፊት ፋኖሱ ዘይቱ አልቆ ሊጠፋ ደርሷል። ከበሩ በኋላ ግን ዘይት ሳይጨመርበት ቦግ ብሎ ይበራል። መነጽር ወደ ኋላ መልሳ አየችው፤ ደገመችው። ከዚያ ስልኩን ጭኗ ላይ ደፋችው።

«እጄን ስረግም እየሰማሽ ዝም አልሽ?»

ጥይት ይቅርታ ልትል አፏን ከፈተች፤ ግን ቃሉ ራሱ አሳፈራት። የራሷን ስልክ አውጥታ የቡድኑን ገጽ ከፈተች። «እንኳን ደስ ያለሽ» ከሚሉት መልእክቶች ሥር መጻፍ ጀመረች፦ «ቪዲዮዬ ተቆርጦ የተቀጠለ ነው። አንደኛዋ መነጽር ናት።»

ደግማ ሳታነበው ላከችው። መነጽር ከአጠገቧ ነበረች፤ አልተጠጋቻትም፣ ተነሥታም አልሄደች።