ሳይጠሩት አቤት

እንዲህ ያለ ሞት ዓለም ከተፈጠረች ወዲህ አንድ ጊዜ ብቻ ደርሷል፤ ሁለተኛ አለ የሚል ይምጣና ይሟገተኝ። ጋሼ አቤት ሰርቨር ክፍሉ ውስጥ፣ መዳፉን በብረት በሩ ላይ እንደ ለጠፈ ሞቶ ተገኘ። የእሳት ማጥፊያው ጋዝ ያለ እሳት ተለቆ አየር አሳጥቶታል።

መርማሪዋ መጣች፤ ዝንብ ብትዋሽ ከክንፏ እርግብግቢት የምታውቅ ሴት ናት። ሦስቱን ሰዎች መስኮት በሌለው መቆጣጠሪያ ክፍል ሰብስባ በሩን ዘጋችባቸው፦ ሥራ አስኪያጇን፣ ኢንጂነሩንና ዘበኛውን። ዘበኛው የሟቹ ታናሽ ወንድም ነው።

«ጋሼ አቤት ለምን ተባሉ?»

«በሥራው ነው» አለች ሥራ አስኪያጇ። «ዲኤንኤስ ሰርቨራችን ስም ሲነግሩት አድራሻ ይመልሳል። መቆጣጠሪያው በየደቂቃው ይጠራዋል፤ አቤት ካለ ስክሪኑ አረንጓዴ ነው፣ ዝም ካለ ቀይ። ሟቹ ይህን አቤት ነበር የሚጠብቀው። በሮቹም ቢሆኑ አድራሻ የሚጠይቁት ይህንኑ ሰርቨር ነው።»

«ዝም ካለስ?»

«ካርድ በር አይከፍትም» ኢንጂነሩ ቀደማት። «ግን ስክሪኑ ጠዋቱን ሙሉ አረንጓዴ ነበር፤ በሩ ይሠራ ነበር ማለት ነው። ከውጭ የቀረቀረበት ሰው አለ። የመቀርቀሪያው ቁልፍ ያለው ደግሞ ዘበኛው ጋ ብቻ! በአባታቸው ቤት ውርስ ተጣልተው ሁለት ዓመት ተኳርፈዋል።»

ዘበኛው ብድግ አለ። መሄጃ የለውም፤ ደጅ ፖሊስ ካቴና ይዞ ቆሟል። መልሶ ተቀመጠ።

«ጋሼ፣ ቀርቅረውበታል?» መርማሪዋ ዘበኛውን ጠየቀችው።

«እሱማ መቼ ያምና…» አለ ኢንጂነሩ።

«አንተን ማን ጠራህ?»

«አልቀረቀርኩም፣ እመቤቴ» አለ ዘበኛው። «ግን ማን ያምነኛል?»

መርማሪዋ አፍንጫዋ ስክሪኑን እስኪነካ ተጠግታ የመልሶቹን ፍጥነት አነበበች። ከዚያ ጥግ ካለው ካቢኔ አንዱን ገመድ ነቀለች።

«ኧረ እሱ የሰርቨሩ ነው!» ሥራ አስኪያጇ ጮኸች።

አንድ ደቂቃ አለፈ። ሁለት። ስክሪኑ አረንጓዴ እንደሆነ ቀረ።

«አያችሁ? የተነቀለ ሰርቨር አቤት ይላል! ትናንት በሃያ፣ በሃያ ሦስት፣ አንዴም በአርባ ሚሊሰከንድ ይመልስ ነበር። የሚመልስ ነገር እንደ ሰው ትንፋሽ ከፍ ዝቅ ይላል። ዛሬ ከሦስት ሰዓት ወዲህ ግን ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ። መቆጣጠሪያው ራሱን ጠርቶ ራሱ አቤት እንዲል ተደርጓል። ሰርቨሩ ሲነቀል በሩ ጋሼ አቤትን ቆለፈባቸው፤ ገዳዩ ጋዙን ለቀቀ፤ ኋላም ገመዱን መልሶ ሰካ፤ ስክሪኑም ወንድማቸው ላይ መሰከረ። መቆጣጠሪያውን መቀየር የሚችለው ማነው?»

«የይለፍ ቃሉ ያላቸው ሁለት ናቸው» አለች ሥራ አስኪያጇ። «ሟቹና…» ዓይኗ ኢንጂነሩ ላይ አረፈ።

«ከሟቹ ኪስ የተገኘው ደብተር ሰርቨሩ በዚህ ወር ብቻ ዘጠኝ ጊዜ ዝም ማለቱን ይናገራል። የአንተ ሪፖርት ግን ‹ሦስት ዓመት አንዴም አልተቋረጠም› ይላል፣ ኢንጂነር። ዛሬ ሊያጋልጡህ ነበር። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት! አንተም መቆጣጠሪያህም አንድ ናችሁ።»

ኢንጂነሩ በሩ ላይ ተወረወረ። ካርዱን አስነካ፤ ደግሞ አስነካ። በሩ ጭጭ። በመዳፉ ደበደበው፤ ልክ ጋሼ አቤት እንዳደረገው።

መርማሪዋ ገመዱን መልሳ ሰካችው። በሩ ተከፈተ፤ ካቴናው ለኢንጂነሩ ሆነ።

«ጋሼ፣ ይሂዱ እንጂ፤ ነፃ ነዎት።»

ዘበኛው አልተነሣም።

«ሁለት ዓመት ሙሉ» አለ፣ «ወንድሜ በየጠዋቱ በሩ ላይ በስሜ ይጠራኝ ነበር። አንድ ቀን እንኳ አቤት አላልኩትም።»