የተቆጣጣሪው የመጨረሻ ቅጽ

የግንባታ ተቆጣጣሪው አዲስ በተነጠፈው የግቢ ድንጋይ ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ሞቷል። ከፎቁ በረንዳ አብሮት የወረደው የብረት ሀንድሬል አጠገቡ ተጋድሟል።

ቤቱ ታድሶ ካለቀ ስድስት ወሩ ነው። ባለቤቱ ፎቅ ጨመረ፣ ሳሎን አሰፋ፣ በረንዳ አወጣ፣ ቀለም ቀባ፤ ይህን ሁሉ ጨርሶ ነው «የግንባታ ፈቃድ ይሰጠኝ» ብሎ ያመለከተው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉታል እንዲህ ያለውን። ተቆጣጣሪው ፋይሉን ሁለት ጊዜ መልሶበታል። በሦስተኛው በዓይኑ ሊያይ ዛሬ ረፋድ ላይ መጣ፤ መጥቶም ቀረ።

መርማሪዋ ስትደርስ በሩ ላይ አንድ ሰው በካቴና ታስሮ ቆሟል። ባልደረቦቿ ከኋላዋ «ለምን» እያሉ ነው የሚጠሯት፤ ከአፏ ስለማይጠፋ። አሁንም እሱኑ ጠየቀች።

«ይሄ ሰው ለምን ታሰረ?»

«ሀንድሬሉን የበየደው እሱ ነዋ!» አለ ባለቤቱ፣ ቦርጩን አስቀድሞ። «በምራቅ አጣብቆልኝ ሄዶ ሰው ገደለ።»

«ኧረ ጋሼ፣ የልጆች አባት ነኝ! እኔ የበየድኩት አይለቅም። እስር ቤት ብገባ ማን ያበላልኛል?»

«ዝም በል! ባለሙያ ነኝ ባይ!»

መርማሪዋ ባለቤቱን ገርምማ አየችው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን፣ አለች በልቧ። ከሬሳው አጠገብ ተንበርክካ መዳፎቹን ገለበጠች። ሁለቱም አረንጓዴ ቀለም ነክቷቸዋል፤ ቀለሙ ገና ይጣበቃል።

«ሀንድሬሉ መቼ ነው የተቀባው?» አለችው በያጁን።

«ስድስት ወር ሆኖታል፣ እትዬ።»

«ቁመቱስ?»

«ዘጠና ሳንቲም። በእጄ ለክቼ ነው የቆረጥኩት።»

ከተቆጣጣሪው ቦርሳ የቆዩ ቅጾች ግልባጭ አወጣችና አንድ በአንድ አገላበጠች። ሁሉም ከጣሪያ ይጀምራሉ፣ ወደ ፎቅ ይወርዳሉ፣ ምድር ቤት ላይ ያበቃሉ። ሰውዬው ሃያ ዓመት ሙሉ ቤትን ከአናቱ ነው ሲመረምር የኖረው። ከእያንዳንዱ ሀንድሬል ትይዩ ደግሞ «በሁለት እጅ ተነቅንቋል» የምትል ቃል አለች። ተነሥታ የወደቀውን ሀንድሬል ጫፍ በጣቷ ዳሰሰች፤ ቀና ብላም በረንዳው ግድግዳ ላይ የቀረውን ጉቶ አየች።

ሳሎኑ እንደ አዳራሽ ሰፊ ነው። ባለቤቱ አስከትሏት እየገባ፣ ሬሳው ግቢ ውስጥ ተኝቶ፣ ጉራውን ቀጠለ። «እዚህ መሐል ላይ አንድ የማይረባ ምሰሶ ነበር። አስነሣነው። አሁን ሠርግ ይደገስበታል።»

«ማን አንሡት አላችሁ?»

«የሚስቴ ወንድም ነዋ፣ መሐንዲሱ። የተማረ ሰው ነው።»

«የበረንዳው ሀንድሬል ቁመቱ ስንት ነበር?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? እምብርቴ ጋ ይደርሳል።»

ሚስቲቱ ጓዳ በር ላይ ቆማ ዓይኗን ትጠርጋለች።

«ሁለት ክንድ ቢሆን ነው» አለች ስለ ቁመቱ ስትጠየቅ። «ምስኪን! ሻይ ላቅርብልዎ ስለው ቅጹን ጠረጴዛው ላይ አኖረና ሳይቀመጥ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ወጣ። የቀዳሁለት ሻይ ሳይበርድ ነው ድምፁን የሰማነው። እኔና ባሌ ወደ ግቢ ሮጥን።»

«ወንድምሽስ?»

«እሱ ከኋላ ደረሰ። ፋይሉን ሊያስተካክልልን ትናንት እዚሁ ነው ያደረው።»

መሐንዲሱ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ የምግብ ጠረጴዛው ዘንድ ተቀምጧል። ፊቱ የተቆጣጣሪው ቅጽ ተሞልቶ ተቀምጧል።

«መቼም ያሳዝናል» አለ። «ደግነቱ ሥራውን ጨርሶ፣ ቅጹንም ፈርሞ ነው የሞተው። በረንዳዋ ብቻ ነበረች የቀረችው።»

«ደግነቱ?»

«ማለቴ... ለቤተሰቡ።»

«የሀንድሬሉ ቁመት ስንት ነበር?»

«ዘጠኝ መቶ» አለ ሳያስብ።

መርማሪዋ ቅጹን አነሣች። «ሁላችሁም ሳሎን ግቡ። ያንንም የታሰረ ሰው አምጡት።»

ሲሰበሰቡ አልተቀመጠችም፣ እነሱንም ተቀመጡ አላለችም።

«ከብየዳው እንጀምር። አልለቀቀም፤ እዚያው ግድግዳው ላይ ነክሶ ቀርቷል። የተበጠሰው ብረቱ ነው፣ ከብየዳው ሁለት ጣት ራቅ ብሎ። በመጋዝ አጋምሰው ቆርጠውት፣ በስቱኮ ደፍነው፣ ቀለም ቀብተውታል። ተቆጣጣሪው እንደ ልማዱ በሁለት እጁ ነቀነቀው፤ ቀለሙ መዳፉ ላይ ቀረ።»

በያጁ እፎይ አለ፤ ግድግዳ ተደገፈ።

«ታዲያ ማነው?» አለ ባለቤቱ።

«ቅጹ ይናገራል። ሟች የሚጀምረው ከላይ ነው። ዛሬም በቀጥታ ወደ ላይ ወጣ፤ ሻዩ ሳይበርድ ወደቀ። የዚህ ሳሎን ልኬት ግን እዚህ ተሞልቷል። ሬሳ ተነሥቶ ካልለካ በቀር፣ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። ከወደቀ በኋላ ማነው የሞላው?»

መርማሪዋ ቅጹን ከፍ አድርጋ አሳየቻቸው።

«ፊርማው የዶሮ ጭረት ስለሆነ ማንም ይጭረዋል። ቁጥሩ ግን ያጋልጣል። ሟች በቆዩት ቅጾቹ ሁሉ በሜትር ነው የጻፈው፦ አምስት ነጥብ ሁለት። እዚህ ላይ የተጻፈው አምስት ሺህ ሁለት መቶ ነው፤ በሚሊሜትር። ሀንድሬሉን ጋሼ በእምብርታቸው ለኩልኝ፣ እመቤቲቱ በክንድ፣ በያጁ በሳንቲም። ዘጠኝ መቶ ያለኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ፕላን ሲሥል የሚውል ሰው።»

ሁሉም ወደ መሐንዲሱ ዞሩ።

«ምሰሶውን አስነሣህ» አለችው። «ለፈቃዱ ባስገባኸው ፕላን ላይ ግን ቆሟል። ተቆጣጣሪው ከላይ ሲወርድ ያየዋል፤ የሙያ ፈቃድህም ይነጠቃል። ስለዚህ እንዳይወርድ አደረግህና እዚህ ‹ምሰሶ፦ አለ› ብለህ ሞላህለት። ሳያዩ መፈረም ለምዶብሃል፤ ዛሬ ግን ሟችን አስፈረምክ።»

መሐንዲሱ እህቱን አያት። «ለእናንተ ብዬ ነው።»

«ለኛ?» አለች። «ልጆቼን በዚህ ጣሪያ ሥር እያስተኛህ ለኛ?» ፊቷን አዞረችበት።

ካቴናው ከበያጁ እጅ ተፈትቶ መሐንዲሱ እጅ ላይ ገባ። ያው ካቴና ነው፤ ገና አልቀዘቀዘም።

ባለቤቱ ጉሮሮውን ጠረገ። «ይቅርታ፣ መርማሪ... ቅጹ መቼም ተሞልቷል። ፈቃዱ አይጸናልንም?»

መርማሪዋ ቀና ብላ ምሰሶው የነበረበትን ጣሪያ አየች። ከዳር እስከ ዳር ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ሄዳለች። ሚስቲቱን ክንዷን ይዛ ወደ ግቢ አወጣቻት። ባለቤቱ ግን ሳሎኑ መሐል ቀረ፤ በሳሎኑ አይጨክንም።

«በል አንተ» አለው በያጁን፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ። «ነገ ና፤ ሀንድሬሉን መልሰህ ትበይድልኛለህ።»

በያጁ አንጓውን እያሻሸ በሩ ላይ ደርሶ ነበር። ዞር አለ።

«መጀመሪያ ፈቃድዎን ያውጡ፣ ጋሼ።»