የጀልባዋ አራት አምፖሎች

ጋሽ ገብረትንሣኤ የሞቱት ሁለት እጃቸውን የጀልባ ማብሪያ ማጥፊያ ላይ እንዳደረጉ ነው። ጀልባዋ ዝዋይ ሐይቅ ላይ ናት፤ ሬሳቸው የተገኘው ግን ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ባለችው የኤሌክትሪክ ጥገና ሱቃቸው ውስጥ ነው። ባለጀልባው ማቲዎስ አሮጌውን የነሐስ ማብሪያ ሰሌዳና አራቱን መብራቶች ነቅሎ እንዲያድሱለት አምጥቶላቸው ነበር።

ፖሊስ በዚያው ቀን ሱቁን አሽጎ የሥራ ባልደረባቸውን ፊርደውስን አሰረ። ሽቦውን የቀጠለችው እሷ ናት፤ አለቀ፣ ደቀቀ! በሦስተኛው ቀን ጉዳዩ ኢንስፔክተር ፀደንያ እጅ ገባ።

«ልጄ ጡት አልጣለም» አለች ፊርደውስ፣ ደረቷን በሁለት እጇ ደግፋ። «ነገ ፍርድ ቤት ካቀረቡኝ አለቀልኝ። ወላሂ እኔ አይደለሁም!»

«ሰሌዳውን ከምን ጋር ነው ያገናኘሽው?»

«ከባትሪ ጋር። አሥራ ሁለት ቮልት ሰው አይገድልም። ጋሼ ዓይናቸው ስለደከመ በባዶ ጣታቸው እየዳሰሱ ነበር የሚሠሩት። እኔ ቡሎን ልገዛ ወጣሁ።»

«መብራቶቹስ?»

«ባትሪው ደክሞ እንቢ ብለዋል። ጋሼ ግን ‹እጄ ከዳኝ› ብለው ተስፋ ቆርጠው ነበር።»

ፀደንያ ሱቁን አስከፈተች። አራቱም አምፖሎች ጠቁረዋል። የሰሌዳው ሽቦዎች ከባትሪው ተነቅለው ከሌላ ገመድ ጋር ተቆንጥጠዋል፤ ገመዱ ሟቹ የደንበኛ ካውያና ራዲዮ የሚሞክሩበት ሲሆን ስፒናው ግድግዳው ሶኬት ላይ ተሰክቷል።

የጎረቤት ሱቅ ባለቤት ፋሩቅ ራሱን ነቀነቀ። «አምፖሎቹን የሸጥኩት እኔ ነኝ። ግድግዳ ላይ ከተሰኩ ወዲያው ነው የሚፈነዱት።»

«የዚያን ዕለት ጠዋት ኮረንቲ ነበር?»

«የለም። አራት ሰዓት ተኩል ላይ ሲመጣ ነው ‹ጧ!› ሲል የሰማነው። ፊርደውስ እኮ ያኔ እኔ ሱቅ ነበረች።»

ማቲዎስ ፊቱ አመድ መስሏል። «ዛሬ ካላበሩልኝ ወደ ሌላ እወስደዋለሁ ብያቸው ነበር። ምላሴ በተቆረጠ! ጀልባዋን ስነዳ የኖርኩ ሰው ግድግዳ ላይ እሰካዋለሁ?»

ለቅሶ ቤት የሟቹ ባለቤት ወይዘሮ አሰፋች ጥቁር ለብሰው መሬት ላይ ተቀምጠዋል።

«የዚያን ዕለት ጠዋት ቁርስ ሱቅ ሲያደርሱላቸው ምን አዩ፣ እማማ?»

«እሱ ጓሮ ሊታጠብ ወጥቶ ነበር። መብራቶቹም እንደጠፉ ናቸው። ኮረንቲ ሳይኖር በምን ይበራሉ?»

ፀደንያ መጻፏን አቆመች።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ሱቅ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ፊርደውስ በካቴና ታስራ መጣች።

«ስፒናው የተሰካው ኮረንቲ በጠፋበት ሰዓት ነው» አለች ፀደንያ። «ኮረንቲ ቢኖር ኖሮ አምፖሎቹ የሰካው ሰው ፊት ይፈነዱ ነበር። ጋሽ ገብረትንሣኤ ገመዱ መቀየሩን ዓይናቸው አላየላቸውም፤ ባትሪ መስሏቸው ነሐሱን ዳሰሱ። ኮረንቲው መጣ።»

«ማነው የሰካው?» አለ ማቲዎስ።

«መግደል የፈለገ ሰው አምፖሎቹ ፈንድተው እንዳያጋልጡት ከሽቦው ይፈታቸው ነበር። ይኼ ሰው ግን እንዲበሩ ፈልጓል። ፊርደውስ፣ ፋሩቅና አንተ በባትሪ እንደሚበሩ ታውቃላችሁ። ‹ኮረንቲ ሳይኖር በምን ይበራሉ› ያለኝ አንድ ሰው ብቻ ነው። ባላቸው በዚያ ገመድ ካውያና ራዲዮ ሲሞክሩ አርባ ዓመት ያዩ ሰው።»

ወይዘሮ አሰፋች በጉልበታቸው ወደቁ።

«ሲያለቅስ ሰማሁት! አርባ ዓመት አልቅሶ የማያውቅ ሰው! ታጥቦ ሲመለስ በርቶ ቢያገኘው ብዬ… ምንም አልሆነም፤ ኮረንቲ መጥፋቱን ሳላውቅ አልሠራልኝም ብዬ ትቼው ሄድኩ።»

«እኔስ እትዬ?» ጮኸች ፊርደውስ። «ሦስት ቀን ሙሉ! ልጄ እየጮኸ!»

«የገደልኩት እኔ ነኝ ለማለት አፌ አልላቀቅ አለኝ። ይቅር አትበይኝ።»

ፖሊሱ ካቴናውን ከፊርደውስ እጅ ፈታ፤ አሮጊቷ እጃቸውን ዘረጉለት። ግራ ገብቶት ፀደንያን አያት።

«ካቴናውን አስቀምጠው» አለችው። «ቃላቸውን እዚሁ እቀበላለሁ።»

ፊርደውስ ወደ በሩ ሮጠች።

«ልጄ» አሉ አሮጊቷ ከኋላዋ። «አንቺ ታውቂያለሽ። በርቶ አይቶት ይሆን?»

ፊርደውስ ቆመች። በዚያ ቅጽበት በእነዚያ በደከሙ ዓይኖች ምንም ሊታይ እንደማይችል ከእሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

«አይተውታል፣ እትዬ» አለች። «አራቱም በርተውላቸው ነበር።»

ከዚያ ልጇን ልታጠባ ሄደች።