ድርግም የማትለው ነጥብ

ተመራማሪዋን አኒና ግራገንን በቤተ ሙከራው፣ ፈሳሽ ናይትሮጅን ከሚቀመጥበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ሞታ አገኟት። ፈሳሹ ተንኖ አየሩን ሲያሳጣት ትንፋሿ ቀጥ ብሏል። በሩ ከውጭ ተቆልፏል፤ የማስጠንቀቂያው ደወል ገመድም ተነቅሏል። ቁልፉ የቴክኒሻኑ የኬቢ ስለሆነ የዙሪክ ፖሊሶች ካቴናውን አዘጋጅተዋል።

«ቁልፉን ሚስማር ላይ ሰቅዬው ነው የምውለው። ማንም ያነሳዋል» አለ ኬቢ፣ ፊቱ አመድ መስሎ።

መርማሪ ቬሬና ኮለር አልቸኮለችም። «በሟቿ ኪስ ውስጥ ምን ነበር?»

«አንዲት ብልቃጥ» አሉ የቤተ ሙከራው ኃላፊ ፕሮፌሰር ሄድቪግ። «በጠዋቱ የሦስት ሰዓት መክሰስ ላይ አሳይታን መልሳ ኪሷ ከተተቻት፤ ሌላ የላትም። ፈሳሹ ውስጥ በዓይን የማይታዩ የኳንተም ነጥቦች አሉ። እያንዳንዷ ነጥብ ብርሃንን በቅንጣት በቅንጣት፣ አንድ ፎቶን፣ አንድ ፎቶን እያለች ትሰጣለች። የሁላችንም ነጥቦች ብልጭ ድርግም ይላሉ። የእሷ ግን ሳያቋርጡ ያበራሉ። እውነቱን ልንገርዎ፣ ቀንቼባታለሁ።»

ምቀኛ አታሳጣኝ ይባላል፤ አኒናስ ሞልቷት ነበር። ብልቃጧ ግን ኪሷ ውስጥ አልተገኘችም።

ቬሬና የአኒናን የሥራ ባልደረባ ሬቶ ካፍሊሽን ጠየቀችው። «እርስዎስ የት ነበሩ?»

«ከመክሰስ በኋላ የነጥቦቹን ብርሃን የሚለካው ማሽን ላይ ነበርኩ። ይኸው፣ ማሽኑ ሰዓቱን መዝግቦታል» አለ የልኬቱን ወረቀት እየሰጣት።

«የለኩት አዲስ የሠሩትን ነው?»

«ኧረ ሰኞ የሠራሁትን ብልቃጥ ነው። አዲስ መሥራት ግማሽ ቀን ምድጃ ሥር ያስቆማል።»

«በአኒና አይቀኑም ነበር?»

«እኔ? በምኗ?»

ከሰዓት በኋላ ቬሬና ሦስቱንም የመለኪያው ማሽን ክፍል ሰብስባ ሁለት ወረቀት ዘረጋች።

«ይህ የአቶ ሬቶ የትናንት ልኬት ነው፤ ከሰኞው ብልቃጥ። መስመሩ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ነጥቧ ድርግም ትላለች ማለት ነው። ይህ ደግሞ የዛሬው፣ ከዚያው ብልቃጥ የተባለው። ፕሮፌሰር፣ እስቲ ይዩት።»

ፕሮፌሰሯ መነጽራቸውን አስተካከሉ። «አንድም ቦታ አልወረደም። ይህ የአኒና ነው።»

«የአኒና ብልቃጥ ደግሞ አንድ ብቻ ነበረች፤ እሷም ኪሷ ውስጥ። እንግዲህ አቶ ሬቶ ከሚስማሩ ቁልፉን አነሱ፣ ቆለፉባት። ስትወድቅ ትንፋሽዎን ይዘው ገቡ፣ ብልቃጧን ከኪሷ አወጡ፣ መልሰው ቆለፉ። ፖሊስ ስለ ነጥብ ምን ያውቃል ብለው ልኬቱን ራስዎ ሰጡኝ።»

ኬቢ ወንበር ላይ ዘጭ ብሎ ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ።

ሬቶ ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሳ ተናገረ። «ነጥቧን አንድ ሰዓት ሙሉ አየኋት። አንዴ እንኳ ድርግም በይልኝ ብዬ ለመንኳት። እምቢ አለችኝ።»

«አንተ ሰው» አሉ ፕሮፌሰሯ። «ስምህን እኮ ስለ ነጥቦቹ በጻፈችው ጥናት ላይ አስገብታው ነበር። ያለ ሬቶ አይሆንልኝም ነበር ብላ፣ ከስሟ ቀጥሎ።»

ሬቶ ቀና አለ።

«ከስሟ ቀጥሎ?»