ሰልፉን ያልለቀቀችው ፔንዳ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ስምንት ዓመት፣ በሴፕቴምበር ወር ሃያ ስምንተኛው ቀን፣ በፈረንሳይ ቅኝ አገዛዝ ሥር የነበሩት የፉታ ጃሎን ተራሮች ገና ከጭጋጋቸው ሳይወጡ፣ አርባ የሚሆኑ ሰዎች ከታችኛው መንደር ተነሥተው ዳገቱን ይወጡ ነበር። ሩንዴ የምንለው ይህ ታችኛው መንደር የባሪያ ዘር የሰፈረበት ነው፤ መስጊዱና የጌቶች ቤት ከላይ ነው። ባርነት በፈረንሳይ ሕግ ከቀረ ሃምሳ ዓመት ቢሞላውም፣ የሩንዴ ሰው በጌቶች ፈቃድ ያርሳል፤ በመስጊድ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ይሰግዳል፤ ጌታ ሲያልፍ ጫማውን ያወልቃል።

ሰዎቹን የምትመራቸው ፔንዳ ነበረች፤ ጨርቅ በሰማያዊ ቀለም እየነከረች ሦስት ሴት ልጆች ያሳደገች መበለት። በዚያ ቀን የቀረበው ጥያቄ አንድ ነው፤ ከፈረንሳይ ጋር መቆየት ወይስ ዛሬውኑ ነፃ መውጣት። ነጩ ወረቀት «እሺ»፣ ሐምራዊው «እንቢ» ማለት ነበር። ከሦስት ቀን በፊት አልፋ ባካር መልእክተኛ ልከው፣ «እንቢ ያለ ሰው የዘንድሮን አዝመራ አያጭድም» ብለዋል። አልፋ ባካር ሃያ ዓመት የወረዳው ገዥ ሆነው የኖሩ ናቸው፤ ሹመታቸው በአዋጅ ከተሻረ ዓመት ሊሞላው ቢቃረብም፣ መሬቱ ግን ያኔም የእሳቸው ነበር። የፔንዳ ማሳ ደግሞ ሊደርስ አንድ ወር ቀርቶታል።

ድምፅ መስጫው የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ነው። የሩንዴ ሰዎች ቀድመው ደርሰው በሩ ላይ ተሰለፉ፤ የላይኛው መንደር ሰዎች እየመጡ ከኋላ ቆሙ፤ አንዳንዱ አጉረመረመ፤ አንዳንዱ ሣቀ። በመጨረሻም አልፋ ባካር በነጭ ፈረስ፣ ታላቅ እኅታቸው እሜቴ ሁሌይማቱ ደግሞ ምርኩዝ ይዘው በእግር መጡ። ሽማግሌው ሳምባ ፈረሱን ሲያይ ጫማውን አውልቆ ከሰልፉ ወጣ።

«ምነው፣ ጋሼ ሳምባ?» አለች ፔንዳ።

«እኔ አይደለሁም፤ እግሬ ነው ለምዶበት የወጣው።»

«እንግዲያው ይመልሱታ! ከነጫማው!»

ሴቶቹ ሣቁ፤ ሳምባም ጫማውን አጥልቆ ተመለሰ። አልፋ ባካር ግን ከፈረሳቸው ወርደው ቀጥ ብለው ወደ በሩ ሄዱ።

«ዞር በሉ!»

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ምርጫውን የሚያስፈጽመው ከባሕር ዳርቻ የመጣ ወጣት መምህር፣ ፎዴ የሚባል፣ ወደ ደጅ ብቅ አለ።

«አልፋ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይገባል።»

«ይህቺ ማን እንደሆነች ታውቃለህ? የእናቴ ባሪያ ልጅ ናት!»

መምህሩ አፉን ሳይከፍት ፔንዳ መለሰች።

«እውነትዎን ነው፣ ጌታዬ። እናቴ የእናትዎ ባሪያ ነበረች። እዚያ የመራጮች መዝገብ ላይ ግን ስሜ ተጽፏል፤ ከሥሩ የማን ባሪያ እንደሆንኩ አልተጻፈም።»

«ማሳሽንስ? ረሳሽው?»

«አልረሳሁም። እናቴ ናት ደኑን የመነጠረችው።»

ያን ጊዜ ፔንዳ በልጅነቷ እግራቸውን ታጥብላቸው የነበሩትን እሜቴ ሁሌይማቱን አየቻቸው፤ አሮጊቷ በምርኩዛቸው ላይ ጎብጠው ያቃስቱ ነበር።

«እሜቴ፣ እርስዎ ይምጡ፤ ቦታዬን ልልቀቅልዎት» አለች። «ለደምዎ አይደለም፤ ለጉልበትዎ ነው።»

አሮጊቷ እያነከሱ መጡ፤ ወንድማቸው ፈገግ አሉ። እሜቴ ግን በበሩ አልገቡም፤ ፔንዳ ትከሻ ላይ እጃቸውን አሳርፈው ከኋላዋ ቆሙ።

«ጉልበቴ ሰማንያ ዓመት ሙሉ ቀድሞ ገብቷል፤ ዛሬ ቢጠብቅ አይሞትም። አንቺ ልጅ፣ ግቢ እንጂ! ፀሐይ ሊወጣብን ነው!» ካሉ በኋላ ወደ ወንድማቸው ዞሩ፤ «ባካር፣ አንተም ና ተሰለፍ፤ እንደ ፈረስህ አትቁም።»

ከላይኛው መንደር ሰዎች መካከል ሣቅ ፈነዳ። አልፋ ባካር ፊታቸው ጠቆረ፤ ወደ ፈረሳቸው አንድ ጊዜ፣ ወደ ሰልፉ አንድ ጊዜ ተመለከቱ፤ ከዚያም ከአንድ ሸማኔ ጀርባ፣ መጨረሻ ላይ ሄደው ቆሙ።

ፔንዳ ማንበብ አታውቅም፤ ቀለም ግን የሚያሳስታት አልነበረም። ከመጋረጃው በስተጀርባ ሐምራዊውን ወረቀት በፖስታው ከተተች፤ ነጩን ጨምድዳ ጣለች። አመሻሹ ላይ ወረቀቶቹ ጮክ ተብለው ሲቆጠሩ መምህሩ «እንቢ፣ እንቢ፣ እንቢ» እያለ ድምፁ ሻከረ፤ በውጭ ያለው ሕዝብም እየተከተለ ይጮህ ጀመር። በአራተኛው ቀን አገሪቱ ነፃ መንግሥት መሆኗ ታወጀ። ከወር በኋላ ፔንዳና ልጆቿ ማሳቸውን እየዘፈኑ አጨዱ፤ ለጌታ የሚወጣውን ድርሻም ማንም አልጠየቃቸውም፤ እነርሱም አልወሰዱለትም።

ከዚያ በኋላ የመጡት ዓመታት ሁሉ ደግ ነበሩ ማለት አይቻልም፤ ፈረንሳይ ተቈጥታ ወጣች፤ ነፃነትም የራሱን ወህኒ ቤቶች ሠራ። የታሪክ መጻሕፍት ከአንድ ሚሊዮን በላይ እንቢታ መዝግበዋል፤ በየበሩ ማን ከማን ቀድሞ እንደቆመ ግን የመዘገበ የለም። በእኛ መንደር ያሉ አሮጊቶች ግን እስከ ዛሬ የሰው ዕድሜ ሲሰላ እንዲህ ብለው ይጠይቃሉ፦ «ፔንዳ ቀድማ ከመግባቷ በፊት ነው ወይስ በኋላ?»