የሰንደር ልጣጭ

የአዝማራ ንግሥት ዘርትሁን ለዘመቻ ጉንጮቿን በቀይ ደንጊያ ዱቄት በተቀባች ማለዳ፣ ቆዳዋ ተሰንጥቆ ደሟ በዙፋኑ ላይ ተንጠባጠበ። ክፉ ምልክት ነበር፤ እናቷንም አያቷንም የጨረሳቸው ያው መርዘኛ ደንጊያ ነው። ምን ይደረግ? ጉንጯ ያልቀላ ንግሥትን የአዝማራ ሠራዊት አይከተልም። ጠላት ደግሞ ወንዙ ማዶ ሰፍሯል።

ታናሽ እህቷ ያምሮት ሰይፏን መሬት ላይ ተክላ ማለች። «እህትዓለም፣ መርዝ የሌለበትን የሰንደር ዛፍ ቀለም ሳላመጣ ብመለስ ምድር አትቀበለኝ። እስከዚያ ያን ደንጊያ እንዳትነኪው።»

«ጠላት ከቀደመሽ እቀባዋለሁ» አለች ንግሥቲቱ። «እኔ ልሙት እንጂ ሕዝቤን አላስፈጅም።»

ያምሮት እየነደዳት ወጣች። የተከተላት ሰይፍ ያስተማራት ሻረው ነበር፤ አፉ የማያርፍ፣ ክንዱ የማይስት ሽማግሌ።

የሰንደርን ዛፍ የሚጠብቀው ጋርዳፍ የተባለ ባለ ሁለት ራስ አውሬ ነው። ስንቱ ጀግና ፍሬ ልቅጠፍ ብሎ ዛፉ ላይ እንደ ወጣ ተቦጫጭቆ ቀርቷል፤ ቀለሙ ከፍሬው ሥጋ የሚገኝ ይመስላቸው ነበርና። ያምሮት ግን ከገደሉ ሥር፣ አውሬው በልቶ የተፋው የልጣጭ ክምር ዘንድ ቆመች። ልጣጩን የመታው ዝናብ ደንጊያውን ሁሉ አቅልቶታል። አንዱን በመዳፏ አሸችው፤ በምንጭ ውኃ ብትታጠብም ቅላቱ አልለቀቃትም።

«ጋሼ፣ ቀለሙ ልጣጩ ውስጥ ነው። ያ ሁሉ ሰው ያለቀው በከንቱ ነው።»

«ታዲያ ለልጣጭ ብሞት ሰው ምን ይለኛል?» አለ ሻረው እየሳቀ።

ሳቁን ሳይጨርስ ጋርዳፍ ከላይ ወረደባቸው። አንደኛው ራስ የሽማግሌውን ግራ ክንድ ከትከሻው ገነጠለው። ሻረው በቀረው እጁ ጦሩን አንደኛው ጉሮሮ ውስጥ ሰገሰገ፤ ሁለተኛው ራስ ጎድኑን ሰባበረው። ያምሮት ሰይፏን መዘዘች።

«እኔን ተይኝና ልጣጩን ሰብስቢ» አለ ደም እየተፋ። «ምለሻል እኮ።»

እያለቀሰች ከረጢቷን ሞላች። ከኋላዋ አጥንት ሲሰበር ይሰማታል። ሳትዞር ሮጠች።

ስትደርስ ጠላት ወንዙን መሻገር ጀምሯል፤ ንግሥቲቱም ዱቄቱን በጣቷ አንሥታለች። ያምሮት እጇን መትታ አስጣለቻት። ልጣጩን ወቅጠው ቀቀሉት፣ አጥልለው በቅቤና በሰም ለወሱት። ዘርትሁን ተቀባች፤ ቆዳዋ አልተሰነጠቀም። ሠራዊቱ ቀይ ጉንጯን አይቶ እንደ ጎርፍ ወረደ፤ ወንዙ በጠላት ሬሳ ተዘጋ።

ከድሉ በኋላ እህትማማቾቹ ወደ ገደሉ ሄዱ። አውሬው ደሙ አልቆ ከሻረው ሬሳ ጎን ተዘርሯል። ዘርትሁን ተንበርክካ፣ ከንግሥት በቀር ማንም የማይቀባውን ቀለም በሽማግሌው ጉንጮች ላይ ቀባች።

«ከእንግዲህ የምትነግሥ ሁሉ ስትቀባ ስምህን ትጠራለች» አለችው።

ያምሮት የተረፈውን ልጣጭ ከከረጢቷ አውጥታ ከራስጌው አነጠፈችለት።